ደም መጣጩ ማን ነው?

ስለ «ጋንጃና ሄስ» ፊልምና ስለ ነጋዴው መቀስ

«አስፈሪ ፊልም» የሚለው ስም በኪነ ጥበብ ሰዎች መካከል በተነሣ ቁጥር ፊት ማጥቆር የተለመደ ነው። መምህሩ «የወጣቱን አእምሮ የሚያደነዝዝ» ይለዋል፤ ካድሬው «የከበርቴው ባህል ዝቃጭ» ሲል ይደመድማል፤ የመድረኩ ባለሙያ ደግሞ «ቀይ ቀለም ሸሚዝ ላይ አፍስሶ ሰው ማስጮህ ጥበብ አይባልም» ብሎ ያልፈዋል። የሦስቱ ፍርድ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሦስቱም የሚሰጡት ፊልሙ ሳይታይ፣ በስሙ ብቻ ነው።

ንቀቱ ከባዶ ሜዳ የበቀለ አይደለም። ተመልካቹን ለአንድ ሰዓት ተኩል ድንጋጤ ገንዘብ የሚያስከፍል፣ ሰው ሲታረድ ከማሳየት በቀር የሚናገረው ነገር የሌለው፣ በየዓመቱ በጅምላ ተመርቶ የሚራገፍ ሸቀጥ መኖሩ አሌ የማይባል ሐቅ ነው። ነገር ግን ግርድ በዛ ተብሎ ጎተራ አይቃጠልም። አንድን ሥራ በተለጠፈበት የዘውግ ስም መፍረድ የሐያሲ ተግባር ሳይሆን የግምጃ ቤት ሠራተኛ ተግባር ነው። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለው ፍርድ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው፣ ኪነ ጥበብን ስም እየለጠፈ የሚቸረችረውን ነጋዴ ነው። ሥራውን ሳያይ የሚንቀው ምሁርና ሥራውን ሳያይ የሚሸጠው ነጋዴ ሳይተዋወቁ ይተባበራሉ።

ለዚህ አባባል ጥሩ ምስክር የሚሆነው በ1973 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ለእይታ የበቃው «ጋንጃና ሄስ» የተባለው ፊልም ነው። የተሠራው በ350,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ገንዘብ በአሜሪካ የፊልም ንግድ ሚዛን እጅግ አነስተኛ ነው። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ቢል ገን ጥቁር አሜሪካዊ የቴአትር ጸሐፊ፣ ተዋናይና የፊልም ሰው ነበር። የፊልሙ ታሪክ ደም ስለሚጠጣ ሰው ይናገራል፤ የፊልሙ ዕጣ ግን ደሙ ስለ ተመጠጠ ሥራ ይናገራል። ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ካልተነበቡ አንዱም አይገባም።

ትእዛዙ

በ1970ዎቹ መግቢያ የአሜሪካ የፊልም ነጋዴ ለረጅም ጊዜ ችላ ያለውን አንድ ሐቅ ተገነዘበ፤ ጥቁሩ ሕዝብም ትኬት ይገዛል። በ1971 ሜልቪን ቫን ፒብልስ ከታላላቅ ኩባንያዎች ውጭ የሠራው «ስዊት ስዊትባክ» እና በዚያው ዓመት የወጣው «ሻፍት» ያስገቡት ገንዘብ ይህንን አረጋገጠ። ወዲያው የጥቁር ሰው ምስል በጅምላ ይመረት ጀመር። ሽጉጥ የታጠቀ፣ ሴት የሚያሳድድ፣ አደንዛዥ ዕፅ የሚቸረችር ጀግና በየሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ1972 ደግሞ የድራኩላን ተረት በጥቁር ተዋናይ ያቀረበው «ብላኩላ» ወጥቶ ትርፍ አስገኘ። የዚያ ፊልም መሪ ተዋናይ ዊልያም ማርሻል፣ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ የአፍሪካ ልዑል እንዲሆንና ክብር እንዲኖረው ያደረገው ጥረት የሚመሰገን ነው። ገበያው ግን ከፊልሙ የተማረው ክብሩን ሳይሆን ትርፉን ነበር።

ኬሊ-ጆርዳን የተባለው አነስተኛ የፊልም ድርጅት ወደ ቢል ገን የሄደው በዚህ ሰዓት ነው። የተፈለገው ነገር ግልጽ ነበር፤ በጥቂት ገንዘብ፣ ጥቁር ደም መጣጭ የሚታይበት፣ ቶሎ የሚሸጥ ፊልም። ገን የገበያውን ጠባይ አስቀድሞ ቀምሶታል። በ1970 ለዋርነር ብራዘርስ የሠራው «ስቶፕ» የተባለው ፊልም ለሕዝብ ሳይታይ በኩባንያው መደርደሪያ ላይ ተቀብሮ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የቀረበለትን ገንዘብ ተቀበለ፤ ሥራውን ግን በራሱ መንገድ ሠራው። ደም ስለሚጠጣ ጭራቅ መተረክ አላጓጓውም፤ የደም ጥማትን የሱስ ምሳሌ አድርጎ ለመጠቀም ግን ወሰነ።

ይህን ድርጊት ማታለል ነው የሚሉ አይጠፉም። ክሱ ውኃ አይቋጥርም። የታዘዘው ደም የሚጠጣ ጥቁር ሰው ነበር፤ የተረከቡትም ደም የሚጠጣ ጥቁር ሰው ነው። ያልታዘዘው ሐሳቡ ነው። ገን ነጋዴው ያልከፈለበትን ሐሳብ በነጻ ጨመረለት፤ ነጋዴውን ያስቆጣውም ይኸው በነጻ የተጨመረለት ነገር ሆነ።

ሥራው

የፊልሙ ባለታሪክ ዶክተር ሄስ ግሪን ባለጸጋ ጥቁር አንትሮፖሎጂስት ነው። በሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በአፍሪካ የጥበብ ቅርሶች በተሞላ ቤት ይኖራል፤ አሽከር ያገለግለዋል፤ በሮልስ ሮይስ ይጓዛል። ሾፌሩ ሉተር በሥራ ቀን መሪ ይጨብጣል፤ በእሑድ ቀን ደግሞ በድሆች ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ይሰብካል። ሄስ የሚያጠናው ደም ይጠጡ ነበር ስለሚባሉ «ሚርትያ» ስለ ተሰኙ ጥንታዊ የአፍሪካ ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ የደራሲው ፈጠራ ነው። አንድ ሌሊት አእምሮው የታወከ ረዳቱ ጆርጅ ሜዳ በዚያ ሕዝብ ጥንታዊ ጩቤ ሦስት ጊዜ ወግቶት ራሱን ይገድላል። ሄስ ግን አይሞትም። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሞት የማይደፍረው፣ የደም ጥማት የማይለቀው ሰው ይሆናል።

ብዙም ሳይቆይ የረዳቱ ሚስት ጋንጃ ባሏን ፍለጋ ከባሕር ማዶ ትመጣለች። ሁለቱ ይዋደዳሉ። የባሏን ሬሳ እዚያው ቤት ውስጥ ካገኘች በኋላ እንኳ አትሸሽም። ይጋባሉ፤ እርሷም በዚያው ጩቤ ተወግታ የጥማቱ ተካፋይ ትሆናለች። በመጨረሻ ሄስ በሾፌሩ ቤተ ክርስቲያን ይንበረከካል፤ ወደ ቤቱ ተመልሶም በመስቀል ጥላ ሥር ሞቱን ይቀበላል። ጋንጃ አትከተለውም፤ መኖርን ትመርጣለች።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «ቫምፓየር» የሚለው ቃል አይነገርም። ረጅም ክራንቻ፣ ጥቁር ካባ፣ በሬሳ ሣጥን ውስጥ የሚተኛ መስፍን የለም። ሄስ በጠራራ ፀሐይ ይመላለሳል። ፊልሙ በአንድ ክፍሉ የፍቅር ታሪክ ነው፤ በሌላው በባለጸጋ ቤት ሥርዓት ላይ የሚሳለቅ ኮሜዲ ነው፤ የአፍሪካዊቷ ንግሥት ምስል በሜዳ ላይ ሲያልፍ ሕልም ይሆናል፤ ምእመናኑ በዝማሬ ሲነጠቁ ደግሞ ዘጋቢ ፊልም ይመስላል። ካሜራውን የያዘው ጄምስ ሂንተን የጥቁሮችን የመብት ትግል በፎቶግራፍ የመዘገበ ሰው በመሆኑ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ትርኢት ውስጥ ካሜራው እንግዳ አይደለም። ሙዚቃውን የደረሰው የኒና ሲሞን ወንድም ሳም ዌይመን ራሱ ሰባኪውን ሉተርን ሆኖ ይጫወታል። ዳይሬክተሩም የረዳቱን የሜዳን ሚና ራሱ ይዟል። የገንዘብ ማነስ እዚህ ላይ ወደ ጥቅም ተለውጧል፤ አንድ ሰው ሁለት ሦስት ሙያ በመያዙ ሥራው የአንድ ቤተሰብ ድምፅ አግኝቷል።

ሄስን የሚጫወተው ዱዌይን ጆንስ በሙያው መምህርም ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1968፣ በጆርጅ ሮሜሮ «የሕያዋን ሙታን ሌሊት» ላይ መሪ ተዋናይ ሆኖ ታይቷል። በዚያ በ114,000 ዶላር ገደማ በፒትስበርግ አካባቢ በተሠራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ጆንስ የሚጫወተው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ከሬሳ ሠራዊት ጋር ሲታገል አድሮ፣ ሲነጋ ሊያድኑት በመጡ ነጭ ታጣቂዎች ጥይት ይወድቃል። ያንን ፍጻሜ ያየ ሰው አስፈሪ ፊልም ስለ ኅብረተሰብ የሚለው ነገር የለም ሊል አይችልም። «ጋንጃና ሄስ» ያንኑ ተዋናይ ወስዶ ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደፊት ይገፋዋል። በመጀመሪያው ፊልም ጥቁሩ ሰው የሚታደን ነበር፤ በሁለተኛው የሚያድን ሆኗል።

ፍርሃትና እውነት

የዘውጉ ተቃዋሚዎች ትልቁ ክርክር «አስፈሪ ተረት ከእውነተኛው ኑሮ ያዘናጋል» የሚል ነው። ይህ ክርክር የተረትን ባሕርይ ካለመመርመር የመጣ ነው። ሕዝብ የሚፈራውን ነገር ያለ ምክንያት አይመርጥም። በኢትዮጵያ የቡዳ ተረት ጣቱን ይቀስር የነበረው በማን ላይ እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል፤ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በሸማኔው፣ በቆዳ ፋቂው ላይ ነበር። ተረቱ ስለ ጅብ የሚናገር መስሎ ስለ ሥራ ንቀት ይናገር ነበር። ስለዚህ ቁም ነገሩ «ይህ ሥራ ያስፈራል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «የሚያስፈራው ምንድን ነው? የሚፈራውስ ማን ነው?» የሚለው ነው።

«ጋንጃና ሄስ» ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በአንድ ትርኢት ጎልቶ ይታያል። ሜዳ በሌሊት ራሱን ሊሰቅል ገመድ ይዞ ዛፍ ላይ ወጥቷል። ሄስ ከሥር ቆሞ ይለምነዋል። ልመናው ስለ ሕይወት ክቡርነት አይደለም። በዚያ ሰፈር የሚኖረው ጥቁር ሰው እርሱ ብቻ መሆኑን፣ ሬሳ ከተገኘ ባለሥልጣኖች መጥተው የሚይዙትና የሚጠይቁት እርሱን መሆኑን ያስረዳዋል። ተመልካች ይስቅ ይሆናል፤ ሳቁ ግን ብዙ አይቆይም። ዶክትሬቱ፣ ሮልስ ሮይሱ፣ ሰፊው ግቢ፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ሁሉ አንድ ገመድ በአንድ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ከንቱ ይሆናሉ። ጥቁር ሰው፣ ዛፍና ገመድ በአንድ ሥዕል ውስጥ ሲገናኙ በአሜሪካ ታሪክ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የደም ጥማት ከዚህ አይከፋም።

ሁለተኛው ማስረጃ የደሙ ምንጭ ነው። ሄስ መጀመሪያ ከሕክምና ቤት ደም ይሰርቃል፤ ቀጥሎ ወደ ድሆች ሰፈር ይወርዳል። የሚገድላቸው ሰዎች ገላቸውን ሸጠው የሚያድሩ፣ ቢሞቱ ጠያቂ የሌላቸው ናቸው። አንዲቱን ገድሎ ሲወጣ ሕፃን ልጅ ከኋላው ሲያለቅስ ይሰማል። የአማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ትርኢት ሊቅ አያስፈልገውም፤ «ደም መጣጭ» የሚለው ቃል በአገሩ ከጭራቁ ይልቅ በድኻ ላብ የሚደልበውን ሰው ሲጠራበት ኖሯልና። ገን ይህንን በመፈክር አልተናገረም፤ ባለጸጋው በመኪና ሲወርድ፣ የድኻ ልጅ ሲያለቅስ ብቻ አሳየ። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ደም መጣጩ ከተጨቋኙ ወገን የወጣ፣ የተማረ፣ ጨዋ፣ የሚያሳዝን ሰው መሆኑ ነው። ወንድሙን የሚበላ ሰው ቀንድ አያበቅልም፤ መጽሐፍ ያነብባል፤ እንግዳ በክብር ይቀበላል።

ሦስተኛው ጋንጃ ናት። የዘመኑ ፊልሞች ለጥቁር ሴት የሰጧት ቦታ አልጋና ጩኸት ነበር። በማርሊን ክላርክ የተጫወተችው ጋንጃ ግን ረጅም ጊዜ ተሰጥቷት ስለ ልጅነቷ ትናገራለች፤ እናቷ እውነቱን ነግራት እንዳላመነቻት፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሷን በራሷ ለመጠበቅ እንደ ወሰነች። ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ሙዚቃ አይረዳትም። ተመልካች ይህችን ሴት ሊወድዳት ወይም ሊፈራት ይችላል፤ ሊንቃት ግን አይችልም። በመጨረሻ በሕይወት የምትተርፈውም እርሷ ናት፤ ፊልሙ ይህ መትረፏ ድል ይሁን ጥፋት አይበይንም።

በፊልሙ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተገቢ ሂስ አለ፤ ከአፍሪካ ወገን የሚነሣው ሂስ። የደም ጥማቱ ለምን ከአፍሪካ መጣ? ያልነበረ ሕዝብ ፈጥሮ ደም ጠጪ ማድረግ የቅኝ ገዢውን ተረት መድገም አይሆንም ወይ? ጥያቄው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ጩቤው በማን ቤት እንደሚገኝ ልብ ማለት ያሻል። ከባለቤቶቹ ተለይቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በአንድ ባለጸጋ ምሁር ቤት ጌጥ ሆኗል። ሚርትያውያን ወደ አሜሪካ መጥተው ማንንም አልወጉም። ያቆሰለው ቅርሱን ባለቤት አልባ አድርጎ መያዝ ነው። ሄስ በአያቶቹ ምድርና በሾፌሩ ቤተ ክርስቲያን መካከል ተንጠልጥሎ ሁለቱንም በስብስብነት እንጂ በኑሮ አያውቃቸውም። ፊልሙ ይህን ቁስል አይፈውስም፤ ማሳየቱ ግን ድፍረት ነው። የሚጎተቱ ትርኢቶች፣ ለመስማት የሚያስቸግሩ ንግግሮችም አሉት፤ ይህም ሳይሸሸግ መነገር አለበት። ጉድለት ያለበት ሙሉ ሥራ ግን ጉድለት ከሌለበት ቁራጭ ይበልጣል።

መቀሱ

ፊልሙ በ1973 በካን ፌስቲቫል፣ በሐያስያን ሳምንት መርሐ ግብር ታየ። በኒውዮርክ ሲከፈት ግን የአብዛኞቹ ጋዜጦች አቀባበል ቀዝቃዛ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከሲኒማ ቤት ተነሣ። ገን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለኒውዮርክ ታይምስ በጻፈው ደብዳቤ ሐያስያኑ የጥቁር አርቲስትን ሥራ በሚመዝኑበት ሚዛን ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አሰማ። ደብዳቤው ታተመ፤ ፊልሙ ግን አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአሜሪካ የፊልም ታሪክ ውስጥ ከሚያሳፍሩት ድርጊቶች አንዱ ነው። ፊልሙ ለሌላ ድርጅት ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ሥራ በመቀስ ወደ 78 ደቂቃ አወረደው። ገን የጣላቸውን ቁራጮች ከወለል አንሥቶ ቀጠለበት፤ ሙዚቃውን ለወጠ፤ ሕልሙን፣ ዝምታውን፣ ረጃጅሙን ንግግር አወጣ። ስሙንም «ጥንድ ደም» ለማለት የሚቀርብ ርዕስ ሰጠው፤ ከዚያም በሌላ በሌላ ስም እየለወጠ አዞረው። ገን ስሙ ከዚህ ቁራጭ ላይ እንዲነሣ አደረገ። ጭራቅን ለመሥራት የታዘዘው ሰው ሰው ሠራ፤ ሰውየው ተቆራርጦ ጭራቅ ሆኖ ተሸጠ።

ለዚህ ድርጊት የቀረበው ምክንያት የታወቀው ምክንያት ነው፤ «ተመልካቹ አይገባውም»። ይህ ዐረፍተ ነገር በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ሥርዓት በኪነ ጥበብ ላይ መቀስ የሚያነሣ ሰው ሁሉ የሚደገፍበት ምርኩዝ ነው። ነጋዴው «አይገዛውም» ለማለት ይጠቀምበታል፤ ሳንሱረኛው «አይጠቅመውም» ለማለት ይጠቀምበታል፤ የተማረው ሐያሲ ደግሞ «እኔ ብቻ ገብቶኛል» ለማለት ይጠቀምበታል። ሦስቱም ሕዝቡን አይጠይቁም። ለመሆኑ በእሑድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ስለ ደም፣ ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ የሚሰማ፣ ሰኞ ጧት ለባለጸጋ ሾፌር ሆኖ የሚያድር ሕዝብ ስለ ሾፌርና ስለ ባለጸጋ፣ ስለ ደምና ስለ መስቀል የሚናገር ፊልም አይገባውም የሚለው ማን ነው? የማይገባው ተመልካቹ ሳይሆን የዕቃው ስም ከዕቃው ጋር ያልገጠመለት ሻጭ ነው።

ደግሞም መቀሱ ለመቀሰኛውም አልበጀም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ለፈጣን ትርፍ የተቆረጠው ፊልም የፊልም ታሪክ የሚያስታውሰው ሥራ ሳይሆን የሚያፍርበት ማስረጃ ሆኖ ቀረ። በ1968ቱ የሮሜሮ ፊልም ላይም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። አከፋፋዩ ድርጅት የፊልሙን ርዕስ ለገበያ እንዲመች ሲለውጥ የባለቤትነት መብት ማስታወቂያውን በአዲሱ ርዕስ ላይ ሳያሰፍር ቀረ። በዘመኑ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ፊልሙ ባለቤት አልባ ሆነ፤ ማንም እያባዛ ሲሸጠው የደከሙበት ሰዎች ተመልካች ሆነው ቀሩ። አንደኛው ፊልም በቸልተኝነት፣ ሁለተኛው በመቀስ ተዘረፈ። በሁለቱም ላይ ሥራውን ለገበያ «ለማስተካከል» የገባው እጅ ነው ያጠፋው።

የተረፈው ቅጂ

«ጋንጃና ሄስ» ፈጽሞ ያልጠፋው በአንድ ምክንያት ነው። ያልተቆረጠው ቅጂ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተቀምጦ ነበር። ለዓመታት ሙሉውን ሥራ ለማየት የፈለገ ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነበር። በኋላ ሙዚየሙ በፊልም ፋውንዴሽን ድጋፍ አድሶት እንደገና ለሕዝብ በቃ። በ2014 ስፓይክ ሊ ከሕዝብ በመዋጮ በሰበሰበው ገንዘብ ታሪኩን እንደገና ሠርቶታል።

ዛሬ ፊልሙ ወዳጆች በዝተውለታል። ነገር ግን ከአንዳንዶቹ ወዳጆች መጠንቀቅ ያሻል። መቀሱን እንደ አስደሳች አፈ ታሪክ የሚያወሩ፣ ብርቅ ስለሆነ ብቻ የሚያደንቁ፣ የአርቲስቱን መከራ የፊልሙ ማጣፈጫ የሚያደርጉ አሉ። ገን ይህን ውዳሴ አልሰማም። ሚያዝያ 5 ቀን 1989 ሲሞት አዲሱ ቴአትሩ በኒውዮርክ ሊከፈት አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ዱዌይን ጆንስም ከእርሱ በፊት በ1988 አርፏል። ለሞተ ሰው የሚጨበጨበው ጭብጨባ ለሕያው የተነፈገውን ገንዘብና ጊዜ አይመልስም። ክብር ለሥራው የሚሰጠው መቀሱ በተነሣበት ቀን እንጂ ከአርባ ዓመት በኋላ አይደለም።

መቀሱን ማምለጫ መንገድ አለ ወይ ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ ከዚያው ከአሜሪካ፣ ከአንድ ኢትዮጵያዊ እጅ ይገኛል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን በኢትዮጵያ ምድር በጥቁርና ነጭ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሠራው ኃይሌ ገሪማ ከገን ጋር አንድ ዘመንና አንድ ገበያ ተጋርቷል። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊቱን አላዩትም። እርሱም ፊልሙን ለመቀስ አላቀረበም፤ በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ፣ ከጥቁሩ ማኅበረሰብ ጋር ተባብሮ ራሱ አሳየው። ተመልካቹ አይገባውም የተባለው ሥራ ተመልካቹን አገኘ፤ ከከተማ ወደ ከተማም ተሸጋገረ። መንገዱ አድካሚ ነው፤ ለሁሉም አይመችም፤ ይሁን እንጂ ሐቁን ያረጋግጣል። በሠሪውና በሕዝቡ መካከል የቆመው እጅ ሲነሣ «የማይገባው» ሕዝብ በድንገት ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለእያንዳንዱ ባለሙያ ድርሻውን ያካፍላል። መምህሩ ለተማሪው አስፈሪ ፊልም መጥፎ ነው ብሎ ከማስተማር ይልቅ አንድ ፊልም ማንን እንደሚያስፈራና ስለ ምን እንደሚያስፈራ መጠየቅን ሊያስተምረው ይገባል። ካድሬው መልእክት በመፈክር ካልተነገረ የለም ብሎ ከመደምደሙ በፊት በሮልስ ሮይሱና በሚያለቅሰው ሕፃን መካከል ያለውን ርቀት ይለካ። አርቲስቱ ጠባብ ትእዛዝና ጥቂት ገንዘብ ሲገጥመው ሰበብ ከማብዛት ይልቅ የታዘዘለትን ቅርጽ በወገኑ ኑሮ መሙላት እንደሚቻል ከገን ይማር። ፊልምና መጽሐፍ፣ ሥዕልና ሙዚቃ የሚጠብቁ ድርጅቶች ደግሞ ከሁሉ የቀለለ፣ ከሁሉም የከበደ አደራ አለባቸው፤ አንድ ሙሉ ቅጂ ማስቀመጥ። ትውልድ ፈራጅ ሊሆን የሚችለው የሚፈርድበት ነገር ሳይቆረጥ ሲደርሰው ነው።

በፊልሙ ውስጥ ሄስ ደም የሚጠጣው ተገድዶ ነው፤ ጥማቱ ይገዛዋል፤ በመጨረሻም የሠራውን አውቆ በመስቀሉ ጥላ ሥር ይወድቃል። መቀሱን ያነሣው ነጋዴ ግን አልተገደደም፤ አልተጸጸተም፤ ከሰው ድካም ሠላሳ ደቂቃ ያህል መጥጦ ቀሪውን ገበያ አወጣው። እንግዲህ ደም መጣጩ ማን ነው ቢባል፣ መልሱ ከመጋረጃው ላይ ሳይሆን ከትኬት መሸጫው ጀርባ ይፈለግ።